መንታ ስድስት ከኩታህያ

አይቫሊክ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1961

ሙአላዬ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጣሪያውም ደህና ነው። አይ፣ አሁን አያፈስም። ራሴ ወጥቼ የተሰበሩትን ሸክላዎች ቀየርኳቸው። «በዚህ ዕድሜህ ጣሪያ ላይ ምን አወጣህ?» እንደምትይ ስለማውቅ ቀድሜ ልመልስልሽ፦ አንቺ ስላልነበርሽ ነው። ብትኖሪ ከታች ቆመሽ ትጮሂብኝ ነበር፤ እኔም ጩኸቱን ስለምፈራ ሰው እቀጥር ነበር።

የወይራ ለቀማው ተጀምሯል። ከተማው በሙሉ ዘይት ዘይት ይሸታል። ጎረቤታችን ኔርሚን ከአዲሱ ዘይት አንድ ጠርሙስ አምጥታ «ለሙአላ ላክላት» አለችኝ። አልልክም። መጥተሽ ትቀምሽዋለሽ።

አዎ፣ መጥተሽ። ምክንያቱም የኔ እመቤት፣ በታቭላው አልቆልሻል። የአሁኑ የዳይስ ውርወራዬ አምስትና ሁለት ነው፤ ሁለት ጠጠር አወጣሁ። ሰሌዳሽን አስተካክይ። ስምንት አውጥቼ ሰባት ቀርተውኛል፤ ሰባቱም የመጨረሻው ቤት ላይ ተደራርበው በሩን እያዩ ነው። ያንቺ አሥራ አምስት ጠጠሮች ግን አንድም ሳይወጣ እዚያው ተቀምጠዋል። ከእንግዲህ መማታት የለም፣ መንገድ መዝጋት የለም፣ ያ የምትኮሪበት ተንኮልሽም አይሠራም። ጠጠሮቻችን ተላልፈዋል። የቀረው ሩጫ ብቻ ነው፣ ጠጠሮቹን ሁሉ ቀድሞ ያወጣ ያሸንፋል፤ የሚሮጡትም ዳይሶቹ እንጂ እኛ አይደለንም። በአንድ ውርወራ ሁለት ጠጠር ይወጣል፤ ሁለቱ ዳይሶች አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳዩ፣ መንታ ከመጣ ማለቴ ነው፣ አራት። እኔ ምንም ዕድል ባይኖረኝ እንኳ በአራት ውርወራ እጨርሳለሁ። አንቺስ?

ሻይ ቤት ውስጥ ሰሌዳውን ዘርግቼ ለመምህር ሂልሚ አሳየሁት። ሂሳብ ማስተማር ከተወ ወዲህ ጥቁር ሰሌዳ እንደናፈቀው ነው፤ እጁን ጭኑ ላይ እየጠረገ ብዙ አየው።

«ሙአላ ሃኒም ልታሸንፍ ትችላለች» አለ፤ ሁልጊዜ «ሃኒም»፣ እመቤት፣ እንዳለሽ ነው።

«እንዴት አድርጋ?»

«አራት ጊዜ በተከታታይ መንታ ከወረወረች፤ አንተ ደግሞ አንድም ካልወረወርክ።»

«ይሆናል እንዴ እንዲህ ያለ ነገር?»

«ይቻላል ነው ያልኩህ። ይሆናል አላልኩም።»

ሻይ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን ውሸት ምን ያደርጋል፣ ወደ ቤት ስሄድ አልሳቅኩም።

ውርርዱን ማን እንዳመጣው ረሳሁ ብለሻል። ልታመልጪ ነው! አንቺ ነሽ ያመጣሽው። «አንተ ከባሕሩ አትነሳም፤ እኔ ባሕሩን ማየት አልችልም። እስከ መቼ በደብዳቤ እንጨቃጨቃለን? ታቭላ እንጫወት። ሁለታችንም በየቤታችን እንወርውር፣ የወረወርነውንም በእውነት እንጻፍ። የተሸነፈ ሻንጣውን ይዞ ይምጣ። ማዘን የለም፣ መለመን የለም» ያልሽው አንቺ ነሽ። ደብዳቤው እጄ ላይ ነው።

እህትሽን ናጂዬን ሰላም በይልኝ። ሳሏ ተሻላት?

ወርውሪ እንግዲህ።

ሩስተም


ኩታህያ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 1961

ለባለሙያው ለሩስተም ኡስታ፣ ለአይቫሊክ የጀልባ ሞተሮች ሁሉ ሐኪም፣ ለጉረኞችም አለቃ፣

ስለ ዘይቱ አልተቆጣሁም። ኔርሚን ምን ዓይነት ሰው እንደሆንክ ስለምታውቅ ለእኔ ሌላ ጠርሙስ በፖስታ ልካልኛለች። ትናንት ደረሰ። ዳቦ እየነከርን ከናጂዬ ጋር ጨረስነው ማለት ይቻላል። ጥሩ ነው፤ ግን የአምናው ይሻል ነበር።

በምን እንደምጫወት ቀደም ሲል ጠይቀኸኝ ነበር። የናጂዬን ትልቁን የመዳብ ትሪ ገልብጬ በከሰል አስምሬበታለሁ። ያንተ ጠጠሮች ሽምብራ ናቸው፣ የእኔ ቀይ አደንጓሬ። ሽምብራህ ሰባት ቀርታለች፤ አይቻታለሁ፣ አታስታውሰኝ። ዳይሶቹ ከቤት ስወጣ ኮቴ ኪስ ውስጥ ሆነው አብረውኝ የመጡት ናቸው።

አሁን ጥሩ አድርገህ ተቀመጥ። ናጂዬ ምድጃው አጠገብ ሆና ካልሲ ትጠግናለች። እኔ «በይ እንግዲህ፣ ሩስተም ሻንጣዬን እየጠበቀ ነው» አልኩና ወረወርኩ። አንዱ ዳይስ ስድስት አለ። ሁለተኛው እስከ ትሪው ጠርዝ ድረስ ተንከባሎ፣ ዞሮ ዞሮ፣ እሱም ስድስት። «ዱሼሽ! መንታ ስድስት!» ብዬ ስጮህ ናጂዬ ደንግጣ መርፌው ወጋት፤ ቀጥሎ ሳቀች፤ ሳቋ ሳሏን ቀሰቀሰባትና ውኃ አምጥቼ አጠጣኋት።

ከስድስተኛው ቤት ሦስቱን፣ ከአምስተኛው አንዱን አወጣሁ። አሥራ አንድ ቀሩኝ። ይህን ለመምህር ሂልሚ ከታላቅ አክብሮቴ ጋር ንገርልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ አስቤ ነበር፤ ተውኩት።

ብርድ ነው። የሱፍ ሹራብህ የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አልጋው ሥር አይደለም።

ሙአላ


አይቫሊክ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1961

ሙአላዬ፣

ሹራቡ አልጋው ሥር ነው የነበረው። ግን ይሁን፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር እንበል።

መንታ ስድስትሽን ሻይ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሂልሚ ተነስቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ ኩታህያ አቅጣጫ ሰገደልሽ። የአሣ አጥማጆቹ አለቃ «ኡስታ፣ ለእሷ ያወጣኸውን አልጋ ልብስ መልሰህ እጠፈው» አለኝ። ይሳቁ። እኔ የወረወርኩት ሦስትና አንድ ነው፤ ሁለት አወጣሁ፣ አምስት ቀሩኝ። አሁንም ቀድሜሻለሁ።

ልጠይቅህ አስቤ ተውኩት ያልሽውን አውቀዋለሁ። አዎ፣ አሁንም ምሽት ምሽት ወደቡ ጫፍ እሄዳለሁ። ሲዘንብም እሄዳለሁ። ተቀምጬ ሲጋራ አጨሳለሁ፣ ጀልባዎቹ ሲገቡ አያለሁ፣ እመለሳለሁ። ሌላ ምንም አላደርግም። ሰዎቹ ለምደውኛል፤ ገመድ ይወረውሩልኛል፣ አስርላቸዋለሁ።

ሙአላ፣ ግትር ነህ ትይኛለሽ። ባሕሩ ጀልባዋን መልሶልናል፤ ልጃችንን ፈሪዱንን ግን አልመለሰልንም። ሌላው ሰው ልጁ የተቀበረበት ቦታ አለው፤ ሄዶ ድንጋዩን ይጠርጋል። እኔ ያለኝ ያ ውኃ ነው። ተነስቼ ብሄድ እዚህ ማን ይኖራል? ይህን ስጽፍ ልለምንሽ አይደለም። መለመን የለም ብለናል። ስላልጠየቅሽኝ ነው የመለስኩልሽ።

ወርውሪ። በዚህኛው ጊዜ ሁለትና አንድ ይምጣልሽ።

ሩስተም


ኩታህያ፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1961

ሩስተም፣

በረዶ እስከ በራችን ደፍ ደርሷል። ናጂዬ ትንሽ ስለደከማት አልጋዋን ምድጃው አጠገብ አወረድነው። ሌላ ምንም የለም፤ እንዳታስብ።

ስለ ወደቡ የጻፍከውን አነበብኩት። ሰው የሚሄደው ስለረሳ ይመስልሃል። እኔ እዚያ እያለሁ ፈሪዱን በሕልሜ ሲመጣ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ጸጉሩ ይንጠባጠባል፣ ወለሉ ላይ ውኃ ይተዋል፤ እኔ ጨርቅ ፍለጋ ስሮጥ እነቃለሁ። አንተን አላስነሳሁህም፤ ጠዋት ለሥራ ትወጣለህ። እዚህ ከመጣሁ ወዲህም ይመጣል። ግን ልብሱ ደረቅ ነው። ተቀምጦ ያወራኛል። አሁን ለምን እንደመጣሁ ከገባህ ገባህ፤ ካልገባህም ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ውርወራዬን መጻፍ አለብኝ። መንታ አምስት ነው።

አትጩህ። እኔም አልጮህኩም። ከአምስተኛው ሦስት፣ ከአራተኛው አንድ። ሰባት ቀሩኝ። ናጂዬ «የሰው ባል እንዲህ አይጨከንበትም» አለች።

ሹራቡን ልበስ።

ሙአላ


አይቫሊክ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1962

ሙአላ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። ስለ ሕልሙ ምን እንደምል አላውቅም። ብዙ ጊዜ ጀመርኩት፣ ብዙ ወረቀት ቀደድኩ። ብታስነሺኝ ኖሮ ጨርቁን እኔ አመጣልሽ ነበር። ይህን ብቻ ነው ማለት የቻልኩት።

ስድስትና ሁለት ወረወርኩ። ሦስት ቀሩኝ።

እና መንታ አምስት፣ ከመንታ ስድስት ቀጥሎ። ሂልሚ ወረቀት አውጥቶ አሰላው፦ ሁለት ጊዜ በተከታታይ መንታ ማምጣት ከሠላሳ ስድስት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ «ያን ያህል አያስገርምም» አለ። የአሣ አጥማጆቹ አለቃ ደግሞ «ኩታህያ የሸክላ አገር አይደለም? ዳይሱንም እንደ ሳህኑ እንደፈለጉት ይሠሩታል» አለ። ሳቅን። እኔም ሳቅኩ። ግን ሙአላ፣ አሁን አንቺ ትሪውን ብቻሽን ነው የምታዪው። እኔ ሳልኖር። ይህን ለቀልድ ነው ያልኩት።

ናጂዬ እንዴት ናት? «ትንሽ ደከማት» ስትይ ምን ማለትሽ ነው?

ሩስተም


ኩታህያ፣ ጃንዋሪ 15 ቀን 1962

ሩስተም፣

ናጂዬ ደህና ናት፤ ሐኪሙ አይቷታል።

መንታ አራት። ከአራተኛው ቤት ሁለት፣ ከሦስተኛው ሁለት። ሦስት ቀሩኝ፤ ሁለቱ ሁለተኛው ቤት ላይ፣ አንዷ የመጨረሻው ላይ።

ብታምን እመን። በማንም ስም አልምልልህም።

ሙአላ


አይቫሊክ፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 1962

ለክብርት ሙአላ ሃኒም፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መንታ ስድስት፣ መንታ አምስት፣ መንታ አራት። እንደ ደረጃ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ የሚቀጥለው መንታ ሦስት እንደሚሆን ከወዲሁ እንኳን ደስ ያለዎት። ሂልሚ «ከሁለት መቶ ጊዜ አንዴ ያጋጥማል፣ ይቻላል» እያለ ሊከራከርልዎ ሞከረ። «ጥቁር ሰሌዳህ ላይ ይቻላል፤ የሚስቴ ትሪ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው» ብዬው ተነሳሁ። ሂሳቤንም ሳልከፍል።

መምጣት ካልፈለግሽ «አልመጣም» በዪኝ! አንዲት ቃል ናት። እኔ እዚህ አልጋ አናፍሳለሁ፣ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፣ አንቺ እዚያ ቁጥር ትፈጥሪያለሽ። ሠላሳ ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ስትጫወቺ አንድ ቀን ተጠራጥሬሽ አላውቅም። ይህን ከማየት ብሸነፍና ራሴ ብመጣ ይሻለኝ ነበር።

አምስትና አንድ ወረወርኩ። አንድ ጠጠር ቀርታኛለች። አንቺም መንታሽን ጻፊና እንገላገል።

ሩስተም


አይቫሊክ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1962

ሙአላ፣

መልስሽ አልደረሰኝም። ጾም ስለገባ ፖስታው ዘግይቶ ይሆናል። እንዴት ነሽ?

ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት የደቡቡ ነፋስ በነፈሰበት ሳምንት ነው። ነፋሱ ሲነሳ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። ይህ ምክንያት ሊሆነኝ አይገባም። ሂልሚ ደብዳቤውን ምን ብዬ እንደጻፍኩት ሲሰማ ሻዩን አስቀምጦ «ሩስተም፣ አንተ ሰው አይደለህም» አለኝና እስካሁን ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚቀመጠው።

አንድ መስመር ብቻ ጻፊልኝ።

ሩስተም


አይቫሊክ፣ ማርች 9 ቀን 1962

ሙአላዬ፣

ኢድ ገባ። ኔርሚን ጣፋጭ አመጣችልኝ፤ አልበላሁትም። ጨዋታውን ተዪው። ውርርዱንም ተዪው። ስደቢኝ ከፈለግሽ፤ ግን በሕይወት መኖርሽን ልወቅ።

ሩስተም


ኩታህያ፣ ማርች 16 ቀን 1962

ሩስተም፣

ሦስቱም ደብዳቤዎችህ ደርሰውኛል። አልታመምኩም፤ ፖስታውም አልጠፋም።

የጃንዋሪው ደብዳቤህ የደረሰው ናጂዬን ባጠብንበት ቀን ነው። አዎ፣ ናጂዬ አረፈች። አላህ ይዘንላት። ሰዉ ግቢውን ሞልቶት ፖስተኛው በአጥር በኩል እጁን ዘርግቶ ሰጠኝ። ሴቶቹ «ከባልሽ ነው? ለሐዘኑ ነው የጻፈልሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸውና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ያነበብኩት ሁሉም ወጥተው ካለቁ በኋላ ነው።

በዲሴምበር ሐኪሙ እንደማትድን ነግሮኝ ነበር። ያልነገርኩህ ብነግርህ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ እንደምትሆን ስለማውቅ ነው። አዝነህልኝ እንድትመጣ አልፈለግኩም። ማዘን የለም ያልኩት እኔ አይደለሁም?

አሁን ስለ ዳይሶቹ ልንገርህ፤ ከዚህ በኋላ ግን አልደግመውም። ሦስተኛው መንታ የመጣ ቀን ናጂዬ ትራስ ተደግፋ ታየኝ ነበር። አራትና አራት ሲሆን አለቀስኩ።

«አንቺ ሞኝ! እያሸነፍሽ ታለቅሻለሽ?» አለችኝ።

እንባዬን ጠረግኩ። እሷም ፊቴን ትክ ብላ አየችው። እህቴ ናት፤ ልጅ ሆኜ ስዋሽ የምታውቀኝ እሷ ብቻ ነበረች።

«እንግዲያው ሌላ ቁጥር ጻፊለት» አለች። «ማን ያይሻል? እኔ እንደሆንኩ ለማንም አልናገርም።»

ብዕሩን አነሳሁ። «ሁለትና አንድ» ብዬ ብጽፍ አልቆ ነበር፤ ዕቃዬን እሸክፍ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። ካንተ ጋር ሠላሳ ዓመት ስጫወት አንድ ቁጥር አልዋሸሁህም፤ ለመሸነፍም ቢሆን አልችልም። እና አንተ ልታሸንፈኝ ትዋሻለች አልከኝ።

ተቆጥቼ ነበር። አሁን ደክሞኛል እንጂ አልተቆጣሁም።

የመጨረሻውን ውርወራ እዚህ ብቻዬን አልወረውርም። መንታ ቢመጣ አታምነኝም፤ ባይመጣ ደግሞ «አዘነችልኝ» ትላለህ። የባሊከሲር ከተማ በመካከላችን ናት። ኤፕሪል 1 እሑድ ነው፤ ባቡሩ ቀትር ላይ ያደርሰኛል። ጣቢያው ውስጥ ሻይ ቤት አለ። ሰሌዳውን ይዘህ ና። ዓይንህ እያየ እወረውራለሁ፤ የመጣው ይምጣ።

ሙአላ


አይቫሊክ፣ ማርች 23 ቀን 1962

ሙአላዬ፣

እመጣለሁ።

ስለ ናጂዬ መጻፍ አልችልም። ሠርጋችን ላይ ጫማዬን ደብቃ ያስከፈለችኝ እሷ ናት። መቃብሯ ላይ እኔን ተክተሽ ውኃ አፍስሺልኝ።

ይቅር በዪኝ አልልም፤ በወረቀት አይሆንም። ፊት ለፊት እለዋለሁ።

ሩስተም


አይቫሊክ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 1962

ሙአላዬ፣

በሰላም ገባሁ። ያስያዝሽኝን አይብ የገባበት ቦሬክ አውቶቡሱ ውስጥ ጨረስኩት፤ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰውም አካፈልኩት። አዎ፣ ሂልሚ ታርቆኛል። ወደ ጠረጴዛዬ የተመለሰው ግን ወዶኝ አይደለም፤ ወሬውን ሊሰማ ነው። በየቀኑ ያስደግመኛል። እኔም ሳልሰለች እደግምለታለሁ።

እንዲህ ብዬ ነው የምነግረው። ባቡሩ ገባ። ሰዉ ወረደ። ጥቁር የለበሰች ሴት የመጨረሻው ፉርጎ ደጃፍ ላይ ቆማ አየሁ፤ አላወቅኳትም። ከስታ ነበር። ከዚያ «ሩስተም፣ ሹራቡን ገልብጠህ ነው የለበስከው» አለችኝ፤ ያን ጊዜ አወቅኳት። ይቅርታውን ልል አፌን ስከፍት «መጀመሪያ ሰሌዳው» አለች።

ሻይ አዘዝን። ሰሌዳውን ዘረጋሁ፤ የእሷን ሦስት ጠጠሮች፣ የእኔን አንድ ደረደርን። የሻይ ቤቱ ሰውዬ ብርጭቆዎቹን ሲያስቀምጥ አይቶ «ይህማ ያለቀ ጨዋታ ነው፣ ወንድሜ አሸንፏል» አለ። «ዝም ብለህ እይ» አልኩት። ባቡር የሚጠብቅ ሁሉ ቀስ በቀስ ከበበን። አንድ ወታደር፣ ዶሮ የያዘች ሴት፣ ሌላም ሌላም። አንቺ ዳይሶቹን መዳፍሽ ውስጥ ይዘሽ ብዙ ቆየሽ። ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እያልሽ እንደነበር አልጠይቅሽም፤ እኔም በልቤ የምለምነውን አልነግርሽም።

ወረወርሽ። አንድ። ሌላውም አንድ።

መንታ! ሰዉ ጮኸ፤ ወታደሩ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ ዳይሶቹን አላየሁም፤ አንቺን ነበር የማየው። አራተኛ መንታ፣ በዓይኔ በብረቱ። ያኔ ነው የሚገባኝን ያህል ያፈርኩት።

ሂልሚ እዚህ ቦታ ስደርስ ሁልጊዜ ያስቆመኛል። «ተመልከቱ!» ይላል ለሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ፣ «ማንኛውም መንታ ይበቃት ነበር፤ ከአንድ በቀር! መንታ አንድ አራት እርምጃ ነው፣ እሷ የሚያስፈልጋት አምስት!» እውነቱን ነው። አንቺ ግን ከሁላችንም ቀድመሽ አውቀሽው ነበር። አንዷን አወጣሽ። ሁለተኛዋን ዝቅ አድርገሽ አወጣሽ። ሦስተኛዋን ዝቅ አደረግሽ፤ አለቀ። አንድ ጠጠር ቀረችሽ። አራት መንታ በተከታታይ ወርውሮ በአንድ ጠጠር የተሸነፈ ሰው ሂልሚ በሕይወቱ አልሰማም፤ «በሂሳብ አውቀው ነበር፣ በሰው ግን አላውቀውም» ይላል።

የእኔ ተራ ሆነ። የትኛውም ቁጥር ይበቃኛል። እጄ አልነሳ አለ። ዳይሶቹን አንስተሽ መዳፌ ላይ አስቀመጥሽና ጣቶቼን አጠፍሽልኝ።

«ወርውር እንጂ፤ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሙአላ፣ ይቅር...»

«ወርውር አልኩህ፤ ባቡሩ አይጠብቀኝም።»

ወረወርኩ። ስንት እንደመጣ ሂልሚ ይጠይቀኛል፤ ልቤ ስለጠፋ አላየሁትም። በዚህ በጣም ይናደድብኛል። ያየሁት አንቺ ስትስቂ ነው። ከፈሪዱን በኋላ እንዲያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም።

ከዚያ ባቡርሽ መጣ፤ «ቤቱን ዘግቼ፣ የናጂዬን ዕቃ ለጎረቤት አከፋፍዬ እመጣለሁ» ብለሽ ተሳፈርሽ። መስኮቱ ሥር ቆሜ ሳለ ፊትሽ ተለወጠ። አየሁት። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልሽ፦ ውርርዱን ተዪው። ትናንት ምሽት ወደቡ ጫፍ ሄጄ ለፈሪዱን ነገርኩት። «እናትህ ዘንድ ልሄድ እችላለሁ» አልኩት። ምንም አልሆነም፤ ጀልባዎቹ ገቡ፣ ገመድ አሰርኩ። መሄድ የማልችል ይመስለኝ ነበር፤ እችላለሁ። አንዲት ቃል ጻፊልኝ፣ መሣሪያዎቼን ጭኜ እመጣለሁ። ኩታህያም ውስጥ ሞተር ይበላሻል።

ሩስተም


ኩታህያ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1962

ሩስተም፣

አትምጣ። መሣሪያዎችህንም አትንካ። ሕዝብ ፊት፣ ወታደር ፊት፣ ዶሮ ፊት በሐቅ ተሸንፌአለሁ፤ ሽንፈቴን እንድትቀማኝ አልፈቅድም። ስንት መንታ እንዳስቸገረኝ ረሳህ?

መስኮቱ ላይ ፊቴ የተለወጠው ልክ ነህ። ደንግጬ ነበር። አሁንም እፈራለሁ፤ አልፈራም ብዬ አልጽፍልህም። ምናልባት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ከቤት አልወጣ ይሆናል። ምናልባት ሌሊት ተነስቼ አስነሳሃለሁ። ተነሳ እንግዲህ።

የናጂዬ ልብሶች ተከፋፍለዋል። ምድጃውን አጥፍቼ ቧንቧውን ጠርጌዋለሁ። ቁልፉን የሚያስቀምጡት ጎረቤቶች ዛሬ ጠዋት መጥተው አብረን አለቀስን፤ ከዚያ ሻይ ጠጣን።

ሐሙስ ማታ እደርሳለሁ። በአውቶቡስ ነው የምመጣው፤ ሁለት ሻንጣና አንድ ፍራሽ አለኝ፣ ስለዚህ ብቻህን አትምጣ፤ ሂልሚንም ያዘው፣ ትንሽ ይሸከም።

ቲኬቱን ትናንት ቆረጥኩ። የሚቆርጠው ወጣት ነው፤ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «እማማ፣ ከኤድሬሚት በኋላ መንገዱ ባሕሩን ተከትሎ ነው የሚሄደው። በየትኛው በኩል ላስቀምጥዎት? በተራራው በኩል ጥላ ነው፤ በባሕሩ በኩል ፀሐዩ ያስቸግራል» አለኝ። ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል። እኔ የቦርሳዬን ዘለበት ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። አንዱ «ኧረ ቶሎ በሉ» አለ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

«እማማ?»

«በባሕሩ በኩል» አልኩት።

ሙአላ